ጥያቄና መልስ፦ መድኃኒትን በዶሮ ፅንስ መፈተሽ

ነፍሰ ጡር የምትወስደው መድኃኒት ፅንሷን ይጎዳ እንደሆነ በእንቁላል እንዴት እንደሚፈተሽ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ እኛ ዶሮ የምናስታቅፈው ጫጩት ለማግኘት ነው። መድኃኒት የሚፈተሸው በምን ዓይነት ዘዴ ነው?

መልስ፦ አውራ ዶሮ ካለበት መንጋ የተገኘ እንቁላል 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ጫጩት የሚፈለፈለው በ21ኛው ቀን ቢሆንም ዋናዎቹ አካላት የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ልብ በሁለተኛው ቀን መምታት ይጀምራል። በሦስተኛው ቀን ቅርፊቱን በትንሹ ከፍቶ ላየ፣ በአስኳሉ ላይ የተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮችና መካከላቸው የምትርገበገብ ቀይ ነጥብ ይታያሉ። በዚያ ቀዳዳ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት ይገባል፣ ይታሸጋል፣ እንቁላሉም ወደ ሙቀቱ ይመለሳል። ከቀናት በኋላ የፅንሱ ዓይን፣ ክንፍና አከርካሪ ይመረመራል። መድኃኒቱ የተበጠበጠበት ፈሳሽ ብቻ የተሰጣቸው እንቁላሎች አብረው ካልተቀመጡ ግን ውጤቱን አልቀበለውም፤ መብሳቱ ራሱ ፅንስ ይጎዳልና።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ አይጥ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ታሊዶማይድ የተባለ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት በ1957 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ለሽያጭ ቀረበ፤ ለእርግዝና ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር። በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት እጅና እግራቸው በአግባቡ ሳያድግ ተወለዱ። አይጥ ይህን መድኃኒት ይቋቋማል፤ የጥንቸልና የዶሮ ፅንስ ግን ይጎዳል።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እንቁላሉ ካልተጎዳ መድኃኒቱ ለእርጉዝ ይሰጥ?

መልስ፦ በፍጹም! እንቁላል ውስጥ የእንግዴ ልጅም የእናት ጉበትም የለም። እናት ጉበት ውስጥ ተለውጦ መርዝ የሚሆን መድኃኒት ይህን ፈተና ሊያልፍ ይችላል። የእንቁላል ፈተና የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው፤ ፈቃድ አይደለም።

ጥያቄ (ከዚያው)፦ የከተማችን ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል። 2,800 ሜትር አካባቢ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በቅርፊቱ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ የሚፈለፈለውም ይቀንሳል። ስለዚህ ፈሳሽ ብቻ የተሰጣቸው ማነጻጸሪያ እንቁላሎችም እዚያው የታቀፉ ይሁኑ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ እህቴ ለሚጥል በሽታ ሶዲየም ቫልፕሮኤት ትወስዳለች፤ ማርገዝም ትፈልጋለች። ታቁም?

መልስ፦ በራሷ እንዳታቆም፤ በድንገት ማቆም ለሕይወቷ ያሰጋል። መድኃኒቱ የዶሮ ፅንስንም የሰው ፅንስንም የነርቭ ቱቦ፣ ማለትም በኋላ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነውን ክፍል፣ እንደሚጎዳ ይታወቃል። ቱቦው የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ፣ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ነው። ስለዚህ ሳታረግዝ ሐኪም ዘንድ ትሂድ፤ መድኃኒቱን ስለመቀየርና ፎሊክ አሲድ ስለተባለው ቫይታሚን መጠን እዚያ ትጠይቅ። እስከዚያው ክኒኗን ሳታቋርጥ እርግዝና ትከላከል።