በዋሽንግተን ዲሲ ስለሚፈጸመው ግድያና ስለ ሽጉጡ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲሲ ከድሮው ብሷል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ከየትኛው ድሮ? ክራክ የሚባለው የኮኬይን ዕፅ በተስፋፋበት ዘመን፣ በ1991፣ 480 ገደማ ሰው ተገደለ። በ2012 ወደ 88 ወረደ። በ2023 274፣ በ2024 ደግሞ 187 ሆነ። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው። ዓመት ሳትጠቅሱ «ብሷል» አትበሉ።

ጥያቄ፦ ሽጉጥ ባይኖር በቢላዋ ይገዳደሉ አልነበር?

መልስ፦ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እናውራ። ብዙ ግድያ የሚነሳው ከጸብ ነው። ስድብ፣ ቂም፣ ስልክ ላይ የተለጠፈ ነገር። ዚምሪንግ የተባለ ተመራማሪ በ1968 ባሳተመው የቺካጎ ጥናት፣ የተኩስ ጥቃት ከቢላዋው አምስት እጥፍ ገደማ ገዳይ ሆኖ አገኘው። ጸቡ ያው ጸብ ነው፤ ሟች የሚበዛው በመሣሪያው ነው። ቢላዋ የያዘን ሰው መሸሽም መገላገልም ይቻላል። ጥይት ግን ጸቡ የማይመለከተውን፣ አውቶቡስ የሚጠብቀውንም ይመታል። በዲሲ አብዛኛው ሰው የሚገደለው በሽጉጥ ነው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ልንከራይ ነው። ሰላም ነው?

መልስ፦ ሜሪላንድ ነው፤ ዲሲ ቁጥር ውስጥ አይገባም። የኪራይ ምክር አልሰጥም።

አንድ ተሳታፊ፦ ዲሲ ሽጉጥን በ1976 ከልክላ ነበር። ምን ፈየደ?

ሌላ ተሳታፊ፦ ከቨርጂኒያ እየገባ ምን ይፈይዳል?

የመጀመሪያው፦ ታዲያ ከዲሲ አጠገብ ያለው አርሊንግተንስ ቨርጂኒያ አይደለም? ለምን እንዲህ አይገዳደሉም?

መልስ፦ ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችኋል። ክልከላውን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ሽሮታል። ፖሊስ ከሚይዛቸው ሽጉጦች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሸጡት ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነው። መዝገቡ ንጹህ የሆነ ሰው ይገዛና መግዛት ለማይፈቀድለት ያስተላልፋል። መለያ ቁጥር የሌለው፣ ቤት ውስጥ የሚገጣጠምም አለ። አርሊንግተን ግን ድህነትና ቂም እንደዚያ አንድ ላይ አልተከማቹበትም። የዲሲ ግድያ የሚበዛው ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ፣ ዋርድ 7 እና 8 በሚባሉት የከተማዋ ክፍሎች ነው። ሟቾቹ ባብዛኛው ወጣት ጥቁር ወንዶች ናቸው። «ዲሲ» ብላችሁ አትጠቅልሉት።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተገደለ ተብሎ የተቆጠረው ሁሉ ዘንድሮ የተመታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከዓመታት በፊት ተመትቶ ዛሬ የሞተ፣ አስከሬን መርማሪው ግድያ ነው ካለ፣ በዚህ ዓመት ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ በአጭሩ ዲሲ ሰላም ነው?

መልስ፦ ስንቴ ልመልስ? የቱ ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ዓመት?

ጥያቄ፦ ማታ ኡበር እሠራለሁ። መኪናዬን ሊነጥቁኝ ቢመጡስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁልፉን ስጥና ራቅ። በመኪና ነጠቃ ከሚያዙት ብዙዎቹ ታዳጊዎች ናቸው። የደነገጠ ልጅ ሽጉጥ ይዞ ሲቆም አትታገለው፣ አትከራከረው። ኋላ ወንበር ላይ ልጅ ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ልታወጣ እንደሆነ ጮክ ብለህ ንገራቸው።