የልብ ዕጢ ላለባት ጨቅላ እናት፦ መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሌሊት ትንሹን እያጠባሁ አንብቤው እንቅልፍ ነሳኝ። የ12 ቀን ልጅሽ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ተሠርቶላት «ልቧ ላይ ሦስት ዕጢ አለ፣ ራብዶማዮማ ነው» ተባልሽ። ሐኪሙ ጠብቂ ይላል፣ አክስትሽ የሚያሟሽሽ መድኃኒት አለ ትላለች፤ ማንን ልስማ ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ባህር ዳር የዛሬ አራት ዓመት በትልቋ ልጄ ያለፍኩበት ነው።

1. ጠብቂ ያለሽ ሐኪም ቸል አላለሽም። ዕጢው ካንሰር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በራሱ እየሟሸሸ ይሄዳል። መድኃኒት የሚታሰበው የደሙን መንገድ ሲዘጋ ወይም የልብ ምቱን ሲያዛባ ነው። የእኔዋ ዘግቶባት ነበር። ጡት ይዛ ሁለቴ ስባ ትለቃለች። ግንባሯ በላብ ይርሳል፣ የጎኗ አጥንት ገባ ወጣ ይላል። ይህን ካየሽ እስኪነጋ አትጠብቂ።

2. መድኃኒቱ ኤቨሮሊመስ ይባላል፣ ሲሮሊመስ የሚባል ወንድምም አለው። ሁለቱም ኤምቶር የሚባለውን፣ ሕዋስን «እደግ» እያለ የሚያዘውን ነገር ይገቱታል። ይህ ዕጢ ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ቱበረስ ስክሌሮሲስ የሚባል ከዘረመል የሚመጣ በሽታ አለባቸው፤ በዚያ በሽታ ትእዛዙ ልጓም የለውም። ስለዚህ ቆዳዋን በፀሐይ ብርሃን እዪው፣ የበሽታው ምልክት ሊሆን ስለሚችል ነጣ ያለ ቦታ ካለ ለሐኪሞቹ ንገሪያቸው። እንደ መደንገጥ እየደጋገመች እጥፍጥፍ ካለችም የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ በስልክሽ ቅረጪና ሩጪ። መጠኑን ግን በውስጥ መስመር እንዳትጠይቂኝ። የሚታዘዘው በልጅቷ ልክ ነው፣ ደም እየተወሰደም ይስተካከላል። የእኔዋ ናሙና ከባህር ዳር ወጥቶ ነበር የሚሠራው፣ መድኃኒቱንም ውጭ ያለ ዘመድ ነው የላከልን። አዲስ አበባ ሪፈር ስንባል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ አላንገላታትም ብዬ የዕቁቤን ብር ለአውሮፕላን ከፈልኩ። አልቆጨኝም።

3. ክትባት። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ሕያው ክትባት (የተዳከመ ግን ሕያው ተህዋስ ያለበት) ከሱ ጋር አይሄድም፤ ቢሲጂ፣ የፖሊዮ ጠብታ፣ ሮታ፣ ኋላም የኩፍኝ ማለት ነው። ሕያው ያልሆኑትን ትወስዳለች። ይህን ሐኪሙ ነግሮኝ በ45 ቀኗ ክትባት ልናስከትብ ሄድን። «ጠብታዎቹ ይቅሩባት» ስል፣ ካርዱን የያዘችው ሴትዮ ሰው በሞላበት ተነስታ «አንቺ ነሽ ሐኪሟ? ልጅሽን ልትገድዪ ነው?» አለችኝ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። አራስ ነበርኩ፣ አለቀስኩ። በማግስቱ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አጽፌ ተመለስኩ። አነበበችውና «ታዲያ ቀድመሽ አትናገሪም?» አለችኝ። ተናግሬ ነበር እኮ! አንቺ ደብዳቤውን ከመጀመሪያው ቀን አስጽፊ።

4. አሁን ወደ ዋናው ነገር። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወር ሳይሞላ ትልቁ ዕጢ በግልጽ አነሰ። ትንፋሿ ረጋ፣ ጡት ይዛ እንቅልፍ እስኪወስዳት መሳብ ጀመረች። ሰማንያዋ ደርሶ ክርስትና ስናስነሳ ጠላው ተጠምቆ፣ የዘጌ ዘመዶች በጀልባ መጥተው ቤቱ ሞልቷል። በዚያ ሳምንት አፏ ቆሰለ። ምላሷና የከንፈሯ ውስጥ ነጭ ነጭ አለ፣ ጡት ስታይ ትጮሃለች። አማቴ «መድኃኒቱ አቃጠላት» አለች። አንዷ ዘመድ «ግግ ነው፣ የሚነቅል አውቃለሁ» አለች። ግጉን እምቢ አልኩ፤ በዚህ እኮራለሁ። መከላከያዋ የተዳከመ ልጅ ድዷ በምላጭ ቢነካ ምን ይከተል እንደነበር አስቢው። ግን መድኃኒቱን አቆምኩ። ኢኮው ጥሩ ነው ተብሏል፣ ምን ያደርግላታል አልኩ። ለማንም አልደወልኩም።

አፏ በሳምንት ዳነ። እኔም ትክክል ነበርኩ ብዬ ተኩራራሁ። ስድስት ሳምንት አለፈ። አንድ ሌሊት ያ ላብ ግንባሯ ላይ ተመለሰ። ኢኮ ላይ ዕጢው እንደገና አድጎ አገኙት። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «የአፍ ቁስል የታወቀ ጠባዩ ነው፤ ብትደውዪልን መጠኑን እንቀንስ ነበር» ብቻ አለኝ። ይህ ዕጢ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተመልሶ ሊያድግ እንደሚችል ያኔ ነው የሰማሁት። እንደገና ጀመርን፣ እንደገና አነሰ። መድኃኒቱን ያቆመችው በሐኪም ቀጠሮ፣ እየተለካች ነው።

ለአፏ ብለሽም ፋርማሲ ገብተሽ ያገኘሽውን አትግዢ። አንዳንድ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ ኤቨሮሊመሱን ደሟ ውስጥ ከልክ በላይ ያደርገዋል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ደግሞ ያወርደዋል። የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ተናገሪ፣ የማታምኚበት ቢሆን እንኳ። ጸበሉንም ጭምር ነግሬዋለሁ፤ አልሳቀብኝም።

ትልቋ አሁን አራት ዓመቷ ነው፣ ሐይቅ ዳር ታንኳ ባየች ቁጥር ካልገባሁ ትላለች። አማቴም የጎረቤት ልጅ አፉ ቆሰለ ሲባል ስለ ግግ ማውራት ትታለች። መጀመሪያ የምትጠይቀው «የሚወስደው መድኃኒት አለ?» ብላ ነው።