«3 ሰዓት ላይ» ካልን «ሰኞ ላይ» ምን ነውር አለው?

ጥያቄ፦ ከአያት የምጽፍልዎ እናት ነኝ። የ8ኛ ክፍል ተማሪው ልጄ «ሰኞ ላይ ፈተና አለኝ»፣ «ስልክ ላይ ነኝ» ይላል። «ይሄማ እንግሊዝኛ ነው» ስለው «አንቺስ 3 ሰዓት ላይ ትዪ የለ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ልጅዎ ክርክር ያውቅበታል። ፍርዱ ግን ወደ እርስዎ ያደላል።

«ላይ» ከሰዓት ጋር ባዕድ አይደለም። 3 ሰዓት ላይ፣ ጠዋት ላይ፣ ማታ ላይ እንላለን። ከቀኑ ውስጥ አንዷን ጊዜ ነጥሎ ያሳያል። ቀኑ ራሱ ግን አይፈልገውም፤ «ሰኞ ፈተና አለኝ» ይበቃል። በዓልም «እሑድ ይውላል» ነው። «እሑድ ላይ ይውላል» ሲሉኝ ጆሮዬን ይጎረብጠኛል። የልጅዎ «ላይ» ከእንግሊዝኛው «ኦን» የተቀዳ ይመስለኛል። እዚያ መደበኛው አባባል «ኦን መንደይ» ነውና።

ስሕተቱ ደግሞ በግልባጩም አለ። የኛን «ላይ» ይዘው «ኦን ናይን ኦክሎክ» የሚጽፉ ስንቱን አርሜያለሁ! እንግሊዝኛ ለሰዓት «አት»፣ ለቀን «ኦን»፣ ለወር «ኢን» ይላል። (3 ሰዓታችን ለምን 9 እንደሚሆንባቸው ሌላ ጣጣ ነው።)

«ስልክ ላይ ነኝ»ን ከተማው ለምዶታል፤ አልጣላውም። እኔ ግን «ስልክ እያወራሁ ነው» እላለሁ።

ታክሲ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ከአያት ወደ መገናኛ ሲሄዱ ደውዬ «ታክሲ ላይ ነኝ» ቢሉኝ፣ ረዳትነት ጀመሩ እንዴ እላለሁ። «ታክሲ ላይ ነው የሚሠራው» እንደምንለው ማለት ነው። ተሳፋሪ «ታክሲ ውስጥ ነኝ» ይላል። እዚህ እንግሊዝኛም ከኛ ጋር ነው፤ ለታክሲ «ኢን» ይላል። አውቶቡስና ባቡር ሲሆን ነው ወደ «ኦን» የሚዞረው። ከአያት ጦር ኃይሎች በባቡር የሚሄድ ልጅ በእንግሊዝኛ «ኦን»፣ በአማርኛ «ባቡር ውስጥ» ነው።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝ፣ ሲያናግረው የነበረ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ሲዘጋበት፣ «ስልኩን ዘጋ» በሚለው ላይ «ኦን ሚ» («እኔ ላይ») ብሎ ይጨምራል። እኛ «ዘጋብኝ» ብለን በግሱ ውስጥ እንጨርሰዋለን። «በሩን ዘጋልኝ» ውለታ ነው፤ «በሩን ዘጋብኝ» በደል። «መሰከረለት» ሲባል ሰውዬው ነጻ ሊወጣ ነው፤ «መሰከረበት» ሲባል ሊታሰር። ልዩነቷ «ለ» እና «በ» ብቻ ናት። ልጅዎ አንድ ቀን «እማዬ፣ ስልኩን እኔ ላይ ዘጋው» ካለዎ፣ ያን ጊዜ ቶሎ ይጻፉልኝ።