ብትንትን ያለችው መኪና

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? የኮምቦልቻ አንባቢዎ ነኝ። አሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በፈረንጆቹ 2017 የተደረገውን የመኪና ውድድር በስልክ አየሁት። የተወዳዳሪው የስኮት ዲክሰን መኪና፣ ግንብ መትታ ወደ መሐል የተንሸራተተች ሌላ መኪና ላይ ወጥታ አየር ላይ ተገለበጠች። ግንቡ ላይ ወድቃ ብትንትኗ ወጣ። ሰውዬው ግን በእግሩ ሄደ! አጎቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው። «ይቺ መጫወቻ ናት፤ የኔ አይሱዙ ብትሆን ጭረትም አይነካት» አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ምን ያደርጋሉ?

መልስ፦ አብሽር፣ አጎትህ ግማሹን ልክ ነው። አይሱዙዋ ላትጎዳ ትችላለች። የሚጎዳው እሱ ነው።

በራሴ ደርሶብኝ ነው የምነግርህ። ደሴ ላይ ጋራዥ ሳልከፍት ሹፌር ነበርኩ። ጤፍ ጭኜ የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ፍሬን እምቢ አለኝ። በሁለተኛ ማርሽ መውረድ ሲገባኝ በአራተኛ ለቅቄያት ነበር፤ ጥፋቱ የኔው ነው። ከገደሉ ይሻላል ብዬ ወደ ተራራው ጎን ሰጠኋት። ፓራውልቷ ላይ ወፍራም ብረት አስበይጄ፣ በእሱ ስኮራ ነበር። ብረቱ ቀለሙ ተላጠ እንጂ አልታጠፈም። የኔ ሁለት የጎን አጥንት ግን መሪው ላይ ተሰበረ። ቀበቶው? ከወንበሩ ጀርባ፣ ከነፋብሪካ ላስቲኩ።

ብረቱ ምቱን አልቀበልም ካለ ለሹፌሩ ነው የሚያቀብለው። የዲክሰን መኪና ሞተርና የኋላ ጎማ ተገንጥለው ሲሄዱ ምቱን ይዘውለት ሄዱ። እሱ የተቀመጠባት የካርቦን ፋይበር ገንዳ እንዳለች ቀረች። እዚያ ውስጥ በቀበቶ ተጠፍሮ ነው የሚቀመጠው። ሄልሜቱም ትከሻው ላይ ካረፈ ዕቃ ጋር በማሰሪያ ተያይዟል፤ መኪናዋ ድንገት ስትቆም ጭንቅላት ብቻውን ወደ ፊት እንዳይወረወር። የመታጠፊያዎቹ የውጭ ግንብም ከ2002 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ባዶ ኮንክሪት አይደለም። ከፊት የብረት ቱቦ፣ ከቱቦው ጀርባ ፎም አለ። ሲመቱት ትንሽ ገባ ይላል። ያቺ ትንሽ ነፍስ ናት።

ለምን ትበራለች ካልክ፣ ጎማዎቹ መከለያ የሌላቸው፣ ገላጣ ስለሆኑ ነው። ከፊትህ የምትሄደዋ መኪና የኋላ ጎማ፣ ወደ አንተ ያለው ፊቱ የሚዞረው ወደ ላይ ነው። የአንተ ጎማ ከነካው እንደ መሰላል ያወጣሃል። ከዚያ በኋላ መሪም ፍሬንም ጌጥ ነው።

ሁሌ ግን አይቀናም። በ2011 ላስ ቬጋስ ላይ 15 መኪና ተላተመ። ተወዳዳሪው ዳን ዌልደን ወደ አጥሩ በረረ፣ ጭንቅላቱ ምሰሶ መታና ሞተ። በ2015 ፖኮኖ ላይ ደግሞ ከተጋጨች መኪና የተፈናጠረ አፍንጫ የጀስቲን ዊልሰንን ራስ መታው፤ በማግስቱ አረፈ። የመበታተን ዕዳው ይኼ ነው፤ የተበታተነው የሆነ ሰው ላይ ያርፋል። ከሹፌሩ ፊት በታይታኒየም ፍሬም የተያዘ ጠንካራ መከለያ የገባው በ2020 ነው። ለኔ ዘግይቷል።

ጎማዎቹም ተገንጥለው እንዳይበሩ ከመኪናዋ ጋር በገመድ ይታሰራሉ። በ2023 ግን የካይል ኪርክዉድ ጎማ ገመዱ አልያዘውም፤ አጥሩን ዘሎ ውጭ ፓርኪንግ ላይ የቆመች የተመልካች መኪና መታ። ደግነቱ ሰው አልነካም። ባለመኪናዋ ተመልሳ ስታያት ምን እንዳለች መስማት ነበረብኝ።

ዝናቡን ጠይቀኸኛል። ክብ ሜዳ ላይ ጠብ ካለ ያቆማሉ። መኪኖቹን ሸፍነው አስፋልቱ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። ይኼን ለአጎትህ ስትነግረው ይስቅብሃል፤ እሱ በነሐሴ ጉም ሐረጎን የሚወርድ ሰው ነው።