ሜይል ከማዛወርሽ በፊት ሜይሉ የት እንዳለ እወቂ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ለዓመታት አውትሉክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የሜይል ፕሮግራም ስትጠቀሚ ቆይተሽ አሁን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ተንደርበርድ የሚባለውን ሌላ የሜይል ፕሮግራም ልትጀምሪ ነው፣ አንድ የመስሪያ ቤት አካውንትና አንድ የግል ጂሜይል አለሽ፣ አውትሉክ ሜይል የሚያስቀምጥበትን ፒኤስቲ የሚባለውን ፋይል በፍላሽ ወስጄ አዲሱ ላይ ባስቀምጠው ተንደርበርድ ይከፍተዋል ወይ ነው ያልሽው። አይከፍተውም። ፒኤስቲ የአውትሉክ የራሱ ፎርማት ነው፣ ተንደርበርድ ደግሞ ሜይል የሚያስቀምጠው ኤምቦክስ በሚባል ሌላ ፎርማት ነው፣ አንዱ የአንዱን ቀጥታ አያነብም። ይሄን ስራ ለባልደረቦችም ለዘመድ አዝማድም ደጋግሜ ስለሰራሁት ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ "እንዴት ላዛውር" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን "ሜይሌ አሁን የት ነው ያለው" የሚለው ነው። እሱን ካወቅሽ ግማሹ ስራ አለቀ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የሚዛወር ነገር እንደሌለ ታገኚዋለሽ።

አውትሉክን ክፈቺና (አዲሱን ሳይሆን ክላሲክ የሚባለውን) ፋይል፣ ከዛ አካውንት ሴቲንግስ ግቢ። አካውንቶችሽ ይዘረዘራሉ፣ ከጎናቸው ታይፕ የሚል አለ፣ እዛ ላይ ፖፕ ነው ወይስ አይማፕ ወይስ ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የሜይል ሰርቨር) የሚለውን እዪ። ቀጥሎ ዳታ ፋይልስ የሚለውን ታብ ንኪው፣ እያንዳንዱ አካውንት በየትኛው ፋይል እንደተቀመጠና ፋይሉ የትኛው ድራይቭ ላይ እንዳለ ቁልጭ አድርጎ ያሳይሻል። ይሄን ገጽ ስክሪንሾት አንሺው፣ በኋላ ትፈልጊዋለሽ።

ልዩነቱ ምንድነው፣ ፖፕ ማለት ፖስታ ሳጥን ሄዶ ደብዳቤውን አውጥቶ ቤት እንደመውሰድ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ቅጂ ይቅር ካልተባለ በቀር ሜይሉ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው ያለው። ቅጂ ይቅር ቢባልም እንኳ የሚቀረው ኢንቦክሱ ብቻ ነው፣ የላክሻቸውና በፎልደር የከፋፈልሻቸው በሙሉ ማሽኑ ላይ ነው ያሉት። አይማፕ ከሆነ ግን ዋናው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ ኮምፒውተርሽ ላይ የምታዪው ቅጂውን ነው። ስለዚህ ጂሜይልሽ በአይማፕ ከሆነ የገባው ለእሱ ምንም አትልፊ፣ ተንደርበርድ ላይ አድራሻሽን አስገብተሽ መግባት ብቻ ነው፣ ራሱ ያወርደዋል።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የአይማፕና የኤክስቼንጅ አካውንት የሚቀመጠው በፒኤስቲ ሳይሆን ኦኤስቲ በሚባል ፋይል ነው፣ ብዙ ሰው እሱን ኮፒ አድርጎ ባክአፕ ይዣለሁ ብሎ ድሮውን ማሽን ፎርማት ያደርጋል። ኦኤስቲ ግን ለዛ ማሽን ለዛ ፕሮፋይል የተሰራ ካሽ (ሰርቨሩ ላይ ያለው ጊዜያዊ ቅጂ) ነው፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ወስደሽ አውትሉክን ራሱ ክፈትልኝ ብትዪው አይከፍትልሽም። በዛ ላይ አይማፕ አካውንት ስር ኮንታክትና ካሌንደር "ዚስ ኮምፒውተር ኦንሊ" የሚል ጽሁፍ ካለባቸው እነሱ ሰርቨሩ ላይ የሉም፣ እዛው ማሽኑ ላይ ብቻ ናቸው። ሜይሉ ሰርቨር ላይ አለ ብለሽ ተዝናንተሽ የስልክ ቁጥሩን ሁሉ እንዳታጪ፣ ለብቻው ኤክስፖርት አድርጊው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ፒኤስቲ ውስጥ ብቻ ያለው የድሮ ሜይልሽ። ሁለት መንገድ አለ።

እኔ የምመርጠው በአይማፕ ማሻገሩን ነው። ማለትም ድሮው አውትሉክ ላይ አይማፕ አካውንት ትጨምሪያለሽ (የመስሪያ ቤቱ ሰርቨር አይማፕ የሚፈቅድ ከሆነ ያንኑ አድራሻ በአይማፕ እንደገና ማስገባት ይቻላል)፣ ከዛ ፒኤስቲው ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ወደ አይማፑ ኮፒ ታደርጊያለሽ፣ ወደ ሰርቨር ወጥቶ ሲያልቅ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ በተንደርበርድ ያንኑ አካውንት ስትከፍቺ ሁሉም ይወርዳል። ፎርማት የሚቀይረው ማንም አይደለም፣ ሁለቱም ፕሮግራሞች የሚያውቁት ሰርቨሩን ነው፣ አታችመንቱም ተነበበ ያልተነበበ የሚለው ምልክትም አብሮ ይሄዳል። ኮፒ ነው ያልኩት፣ ሙቭ አይደለም። መሃል ላይ ኔትወርክ ቢቋረጥ ሙቭ ስታደርጊ የትኛው ሄደ የትኛው ቀረ የሚለው ራስ ምታት ነው፣ ኮፒ ከሆነ ግን የተበላሸውን ፎልደር አጥፍተሽ ድጋሚ ትልኪዋለሽ። በጅምላም አትላኪው፣ ፎልደር በፎልደር አድርጊው፣ ትልቅ ፎልደር ካለሽ መጀመሪያ በዓመት ከፋፍዪው።

ከመጀመርሽ በፊት ቦታውን አስቢበት። ነፃው ጂሜይል 15 ጊጋ ነው፣ እሱም ከድራይቭና ከፎቶ ጋር የሚካፈለው፣ ፒኤስቲሽ 20 ጊጋ ከሆነ እዛ ላይ አይገባም። መስሪያ ቤቱም የራሱ ኮታ ይኖረዋል፣ አይቲዎቹን ሳትጠይቂ የ10 ዓመት ሜይል ብትጭኚባቸው ሳጥንሽ ሞልቶ አዲስ ሜይል መቀበል ያቆማል። ደግሞም የመስሪያ ቤት ሜይል ወደ ግል ጂሜይል መጫን ብዙ ቦታ የተከለከለ ነው፣ እሱን ለራስሽ ተይው ብዬ አላልፈውም፣ ጠይቂ።

ቦታ ካልበቃሽ ሁለተኛው መንገድ ይሻላል። ተንደርበርድን ድሮው ኮምፒውተር ላይ፣ አውትሉክ ያለበት ማሽን ላይ ጫኚው። ቱልስ ውስጥ ኢምፖርት የሚል አለ፣ ከአውትሉክ ብለሽ ስትመርጪ ሜይሉን ከአውትሉክ ተቀብሎ ወደራሱ ፎርማት ይገለብጠዋል። ይሄ የሚሰራው አውትሉኩ እዛው ማሽን ላይ ተጭኖ ዲፎልት የሜይል ፕሮግራም ሆኖ ካለ ነው፣ ሁለቱም 64 ቢት ወይም ሁለቱም 32 ቢት ካልሆኑም ያስቸግራል፣ "ኢምፖርቱ አውትሉክን አላገኘውም አለኝ" የሚል ሰው ሁሉ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው። የመጣው ነገር ሎካል ፎልደርስ ስር ይቀመጣል።

ከዛ የሚቀረው የተንደርበርድን ፕሮፋይል ወደ አዲሱ ማሽን መውሰድ ነው፣ ይሄ ደግሞ የተንደርበርድ ትልቁ ደስ የሚል ነገር ነው፣ ሜይሉ፣ አካውንቱ፣ ፓስወርዱ፣ አድራሻ መዝገቡ፣ ፊልተሩ ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። ሄልፕ፣ ከዛ ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን ስትዪ ፕሮፋይል ፎልደር የሚል መስመር አለ፣ አጠገቡ ያለውን በተን ስትነኪ ፎልደሩን ይከፍትልሻል። ተንደርበርዱን ዝጊውና ሙሉውን ኮፒ አድርጊ፣ ክፍት ሆኖ እንዳትቀጂው። አዲሱ ማሽን ላይ ያለው ተንደርበርድ ቨርዥን ከድሮው ያነሰ እንዳይሆን፣ ያነሰ ከሆነ ፕሮፋይሉን አልከፍትም ይልሻል። ቱልስ ውስጥ ኤክስፖርት የሚልም አለ ግን እሱ ፕሮፋይሉ ከ2 ጊጋ በታች ሲሆን ነው የሚሰራው፣ ላንቺ የሚሆን አይመስለኝም። ፓስወርድሽ እዛ ፎልደር ውስጥ ስላለ ደግሞ ፍላሹን የትም አትጣይው።

ኮንቨርተር ሶፍትዌር አውርጂ የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እኔ አልወዳቸውም። ብዙዎቹ ነፃ ይሉሽና ከየፎልደሩ ጥቂት ሜይል አውጥተው ቀሪውን ክፈዪ ይላሉ፣ ከዛ በላይ ግን የማታውቂውን ፕሮግራም ሙሉ ደብዳቤሽን አንብብ ብለሽ መስጠት ነው። አውትሉኩ ጭራሽ ጠፍቶ ፒኤስቲው ብቻ የቀረ ሰው ካልሆነ በቀር አያስፈልግም፣ ለሱም ቢሆን ሊኑክስ ላይ ሪድፒኤስቲ የሚባል ነፃና ኦፕን ሶርስ የሆነ መሳሪያ አለ፣ ፒኤስቲን ወደ ኤምቦክስ ይቀይራል።

ጂሜይሉን ተንደርበርድ ላይ ስታስገቢ የጎግል መግቢያ ገጽ ይከፈትልሻል፣ እዛ ላይ ፓስወርድሽን ሰጥተሽ ፍቀድ ማለት ነው። ፓስወርዱን እንደድሮው ፕሮግራሙ ላይ ብቻ መጻፍ ከግንቦት 2022 ጀምሮ ለግል አካውንቶች ቀርቷል፣ ማይክሮሶፍትም አውትሉክ ዶት ኮም ላይ በመስከረም 2024 አቁሞታል (ሁለቱም በፈረንጅ ነው)። ስለዚህ "ፓስወርዴ ትክክል ነው ግን አልቀበልም አለኝ" የሚለው ነገር ሲመጣ ፓስወርድ ለመቀየር አትሩጪ፣ ሴቲንግሱ ውስጥ ኦተንቲኬሽን ሜተድ የሚለውን ኦኦት2 (በነሱው መግቢያ ገጽ ገብቶ ፍቀድ የሚባልበት መንገድ) አድርጊው። ኦኦት2 የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም ከሆነ ነው ለጂሜይል አፕ ፓስወርድ የሚባለው ባለ 16 ፊደሉ የሚያስፈልገው፣ እሱን ለማውጣት መጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት ግድ ነው። የመስሪያ ቤቱን በእጅ ማስገባት ካለብሽ ለአይማፕ 993፣ ለመላኪያው 465 ወይም 587 ነው የተለመደው፣ የሰርቨሩን ስም ካነሳሽው ስክሪንሾት ሳይሆን አካውንቱ ላይ ቼንጅ የሚለውን ነክተሽ ታገኚዋለሽ።

ጂሜይል ላይ አንድ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። ጂሜይል ፎልደር የለውም፣ ሌብል (ሜይሉ ላይ የሚለጠፍ ምልክት) ነው ያለው፣ ተንደርበርድ ግን እያንዳንዱን ሌብል እንደ ፎልደር ያሳየዋል፣ በዛ ላይ ኦል ሜይል የሚባለው ሁሉንም ድጋሚ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ሜይል ሁለት ሶስት ቦታ ይታይሻል። ተደግሟል ብለሽ ማጥፋት እንዳትጀምሪ። ብሮውዘር ላይ ጂሜይል ሴቲንግስ ውስጥ ሌብልስ ገብተሽ ኦል ሜይል አጠገብ ሾው ኢን አይማፕ የሚለውን ምልክት አንሺለት፣ ያኔ ይጠፋል።

የላክሻቸውም እንዲሁ ናቸው። አውትሉክ ሴንት አይተምስ በሚል ፎልደር ሲያስቀምጥ ተንደርበርድ ሴንት የሚል ሌላ ከፍቶ ከዛሬ ጀምሮ እዛ ማስቀመጥ ሊጀምር ይችላል፣ ከዛ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዛ ይሆናል። አካውንት ሴቲንግስ ውስጥ ኮፒስ ኤንድ ፎልደርስ ላይ የትኛው ውስጥ እንዲያስቀምጥ አንዴ ንገሪውና ተገላገዪ።

ኮንታክቶችሽ በአማርኛ የተጻፉ ከሆነ ከአውትሉክ በሲኤስቪ (በኮማ የተለያየ የጽሁፍ ፋይል) ስታወጪ ተጠንቀቂ፣ አውትሉክ ሲኤስቪ የሚጽፈው በዊንዶውሱ የድሮ ኮድ ፔጅ (የፊደል ሰንጠረዥ) ስለሆነና የግዕዝ ፊደል እዛ ውስጥ ስለሌለ ስሞቹ ሁሉ ጥያቄ ምልክት ሆነው ይወጣሉ። አንዴ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ደግሞ የሚመለስበት መንገድ የለም። ፋይሉን ከማመንሽ በፊት በኖትፓድ ክፈቺና እዪው። ኮንታክቶቹ ከኦንላይን አካውንትሽ ጋር ሲንክ የሆኑ ከሆነ ከዛ ከብሮውዘር አውጫቸው፣ የአማርኛው ፊደል ሳይበላሽ ይወጣል። የአውትሉክ ሩሎች (ሜይል ሲገባ ራሱ እንዲለየው ያዘዝሽባቸው) ወደ ተንደርበርድ አይሻገሩም፣ ቁጭ ብሎ እንደገና መጻፍ ነው፣ ምርጫ የለም።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ቁጠሪ። አውትሉክ ላይ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ስትዪ ሾው ቶታል ነምበር ኦፍ አይተምስ የሚል አለ፣ ተንደርበርድም ፕሮፐርቲስ ላይ የሜይሉን ብዛት ይነግርሻል። የሁለቱን ቁጥር አስተያዪ፣ ከየፎልደሩም አታችመንት ያለው አንድ አሮጌ ሜይል ክፈቺ። ቁጥሩ በጥቂት ቢለያይ አውትሉክ የሚቆጥራቸው እንደ ሚቲንግ ጥሪ ያሉ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ፣ በመቶዎች ከተለያየ ግን ያ ፎልደር አልጨረሰም ማለት ነው፣ ድጋሚ ላኪው። ቀኑ ሁሉ ዛሬ ሆኖ ከታየሽም አትደንግጪ፣ እሱ ሰርቨሩ የተቀበለበት ቀን ነው፣ ሪሲቭድ በሚለው ሳይሆን ዴት በሚለው ኮለም ደርድሪው። ፒኤስቲውን አውትሉክን ዘግተሽ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ድሮውን ማሽንም ቁጥሩ ሳይገጥም ለማንም አትስጪ። የመስሪያ ቤቱ አካውንት ፖፕ ይሁን አይማፕ አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ፖፕ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ቅጂ ይተው የሚለው ምልክት መደረጉንም አብረሽ እዪልኝ።