የሄይቲን ታሪክ ከሒሳብ መዝገቡ ጀምራችሁ አንብቡ

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በኦዲት ሥራ ነውና ስለ ሄይቲም የምጽፍላችሁ በዚያው ዓይን ነው። ይህች የካሪቢያን አገር በዜና በተነሣች ቁጥር «የከሸፈች አገር» ስትባል ትሰማላችሁ፤ ይህን ፍርድ ከመቀበላችሁ በፊት ግምጃ ቤቷ በማን እጅ እንደ ነበረ ጠይቁ።

በፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሥር በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ በባርነት ይማቅቅ የነበረው ሕዝብ በ1791 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ተነሣ፤ በ1803 ቬርቲዬር ላይ የናፖሊዮንን ጦር ድል አድርጎ በ1804 በዣን ዣክ ደሳሊን መሪነት ነጻነቱን አወጀ። በ1825 ግን የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 10ኛ የጦር መርከቦች ልኮ፣ ለነጻነቱ እውቅና 150 ሚሊዮን ፍራንክ ጠየቀ፤ ገንዘቡ ለቀድሞዎቹ ባለርስቶች የሚከፈል ካሳ ነበር። ሄይቲም የመጀመሪያውን ክፍያ ለመፈጸም ከዚያው ከፈረንሳይ ተበደረች። ጠቅላላው ዕዳ በ1838 ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ተበዳይ በዳዩን የካሰበት እንዲህ ያለ መዝገብ በሙያ ዘመኔ አላየሁም።

በዲሴምበር 1914 የአሜሪካ ወታደሮች ከሄይቲ ብሔራዊ ባንክ 500 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ወርቅ በጦር መርከብ ጭነው ወደ ኒው ዮርክ ወሰዱ። በ1915 ፕሬዚዳንት ቪልብሩን ጊዮም ሳም በተቆጣ ሕዝብ ሲገደል አሜሪካውያኑ ሥርዓት እናስከብራለን ብለው ገቡና እስከ 1934 ቆዩ። ጉምሩኩን ያዙ፤ የውጭ ዜጋ የመሬት ባለቤት እንዳይሆን የሚከለክለው የቆየ ሕግም በ1918 ሕገ መንግሥት ተሻረ። መንገድና ድልድይ መሥራታቸው እውነት ነው፤ ገበሬው በግዳጅ እየተነዳ የሠራው መንገድ በማን ስም መመዝገብ እንዳለበት ግን ራሳችሁ ፍረዱ። በዚህ ያመፁትን ገበሬዎች የመራው ሻርልማኝ ፔራልት በ1919 ተገደለ። ወታደሮቹ አስከሬኑን በር ላይ አስረው ፎቶግራፍ አነሡና ሕዝቡ ተስፋ እንዲቆርጥ በተኑት፤ ሕዝቡ ግን ስቅለትን አየበት፤ ሠዓሊው ፊሎሜ ኦባንም ያንኑ በሥዕል አኖረው።

ሐኪሙ ዣን ፕራይስ ማርስ በ1928 ባሳተሙት መጽሐፍ ፈረንሳይን መምሰል ክብር የመሰለውን የተማረ ወገን ገሥጸው፣ ወደ ገበሬው ተረት፣ ሕዝቡ ወደሚናገረው ክሪዮል ቋንቋና ከአፍሪካ ወደ መነጨው ቩዱ እምነት እንዲመለከት አስተማሩ። ያ የተናቀ ቋንቋ በ1987 ሕገ መንግሥት ከፈረንሳይኛ እኩል የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። የአሜሪካ ጦር ከሄይቲ ከወጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ የሄይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው፣ አንድ ቀን እኛም የአንዱ ኢትዮጵያ እንዳንሆን እንፍራ ሲሉ ስለ አገራችን ተናገሩ። ይህን ውለታ ከእኛ ወጣቶች ስንቱ ያውቀው ይሆን?

የውጭውን በደል ስትመዘግቡ የውስጡን አትዝለሉ፤ አገሪቱን በፕሬዚዳንትነት የገዙት ዱቫሊዬ አባትና ልጅ ከ1957 እስከ 1986 በገዛ ሕዝባቸው ላይ የፈጸሙት ግፍ የማንም የውጭ ኃይል ጥፋት አይሰርዘውም።

ከመካከላችሁ በዓለም አቀፍ ድርጅት ለመሥራት የምታስቡ በ2010 የሆነውን አጥኑ፤ ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ካምፕ ወደ ሄይቲ ወንዝ የገባ ፍሳሽ ኮሌራ አስነሥቶ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ድርጅቱም ይቅርታ የጠየቀው በ2016 ነው። በምትሄዱበት አገር ሁሉ የሰዎቹን ቋንቋ ተማሩ፤ ለምታደርሱት ጉዳት ማን እንደሚጠየቅም ውል ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ አስመዝግቡ።