መልስ፦ ለአንድ መስመር ፓች ለምን ቴስት ይጠየቃል?

ሰላም ወዳጄ። በፓችህ (በላክኸው የኮድ ማስተካከያ) ያስተካከልከው አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ፓኬጁን (ለተጠቃሚዎች ተዘጋጅቶ የሚሰራጨውን ሶፍትዌር) የሚንከባከቡት ሰዎች ለምን "ቴስት ጨምር" እንዳሉህ ጠይቀሃል። ቴስት ማለት ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ ትንሽ ኮድ ነው። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ።

ብዙዎቹ የሚሠሩት በትርፍ ሰዓታቸው፣ ያለ ክፍያ ነው። ዛሬ ፓችህን ያየው ሰው ከዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። አዲስ የመጣው ያንን መስመር "ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?" ብሎ ቢያጠፋው ባጉ (ያስተካከልከው የኮድ ስህተት) ተመልሶ ይመጣል። ቴስት ካለ ግን ወዲያው ይታወቃል።

መጀመሪያ ባጉን የሚያሳየውን ትንሹን ግብዓት ፈልግ። ቴስቱን ጻፍና ያለ ፓችህ አስኪደው፤ መውደቅ አለበት። ይህቺን እባክህ አትዝለላት! ያለ ፓቹም የሚያልፍ ቴስት ምንም አይጠብቅም። ከዚያ ፓቹን ጨምረህ ድገመው። ባጉ የተመዘገበበትን ቁጥርም ቴስቱ ውስጥ በኮሜንት (በማስታወሻ) አስፍር።

ደቢያን በሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ ጥቅሙ ሰፋ ይላል። ኦቶፒኬጂቴስት የሚባለው ሥርዓት የፓኬጆችን ቴስት በራሱ ያስኬዳል። ፓኬጅህ የሚጠቀምበት ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ታድሶ ቴስትህን ከሰበረ፣ ላይብረሪው ከአንስቴብል (አዳዲስ ፓኬጆች መጀመሪያ ከሚገቡበት ክፍል) ወደ ቴስቲንግ (ለቀጣዩ የደቢያን እትም ወደሚዘጋጀው ክፍል) እንዳያልፍ ሊታገድ ይችላል። ቴስት የሌለው ፓኬጅ ይህ ከለላ የለውም።

ባጉ ስክሪን ላይ ብቻ የሚታይ ሆኖ ቴስት መጻፉ ካስቸገረህ፣ እንዴት እንደሚደገም ደረጃ በደረጃ ጽፈህ ላክላቸው።